ምስክርን ስለማዘጋጀት

ዳኛ ነገሩ ሲፈጸም አላየም፤ አልሰማምም። ፍርድ ግን ከእርሱ ይጠበቃል። እንግዲህ በተሠራው ሥራና በሚሰጠው ፍርድ መካከል የተዘረጋው ድልድይ የምስክር ቃል ነው። ድልድዩ የጸና እንደሆነ እውነት ተሻግራ ከዳኛው ፊት ትቆማለች፤ የተበላሸ እንደሆነ ግን የተገፋው ሰው ሀብት፣ አንዳንድ ጊዜም ነፍሱ፣ ከወንዙ ማዶ ይቀራል። ስለዚህ ሕግ ከጥንት ጀምሮ ሐሰተኛ ምስክርን አጥብቆ ሲቀጣ ኖሯል፤ የአገራችን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በፍርድ ፊት ሐሰት የሚመሰክረውን ሰው ቅጣት አዞበታል።

ነገር ግን እኔ በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው የፈለግሁት የሐሰተኛውን ሳይሆን የእውነተኛውን ምስክር ጉዳይ ነው። እውነተኛ ምስክርም ቢሆን ወደ ችሎት ከመግባቱ አስቀድሞ ብዙውን ጊዜ ከጠበቃ ጋር ይነጋገራል። ታዲያ ጠበቃው ምን ሊለው ይገባዋል? ምንስ ሊለው አይገባውም? ምስክርን ማዘጋጀት ደግ ሥራ ነውን? ወይስ ልብስ የለበሰ ሐሰት ነው?

ስለዚህ ነገር ሰዎች ሲከራከሩ ሁለት አሳብ ሰምቻለሁ። አንደኛው ወገን፣ «እውነት የያዘ ሰው ምን ማዘጋጀት ያስፈልገዋል? ያየውን ይናገር፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ «ጠበቃ የተቀጠረው ሊረታ ነው፤ ምስክሩም መሣሪያው ነውና ስሎ ማቅረብ አለበት» ይላል። እኔ ሁለቱም አሳቦች ስሕተት ያለባቸው ይመስለኛል።

አስቀድመን የፊተኛውን እንመልከት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለው ምሳሌ ለኑሮ መልካም ምሳሌ ነው። ችሎት ግን አያድርም። ምስክር የሚሰማው ባንድ ቀን፣ ምናልባትም በግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው፤ በዚያች ግማሽ ሰዓት ያልጠራ እውነት ከፍርዱ በኋላ ቢጠራ ለተረታው ሰው የሚጠቅመው እጅግ ጥቂት ነው። ደግሞም ችሎት ለለመደው ሰው የሥራ ቦታ ነው፤ ላልለመደው ግን የሚያስፈራ ነው። ከፍ ብሎ የተቀመጠ ዳኛ፣ ካባ የለበሰ ተከራካሪ፣ ነገሩን ሁሉ የሚጽፍ ጸሐፊ ባለበት፣ የተከሰሰውም ሰው ዓይን ለዓይን እያየው፣ አንድ ገበሬ ወይም አንዲት ባልቴት ቃላቸውን እንዴት ሳይንቀጠቀጡ ይሰጣሉ? ምስክር የሚፈራ ፍጡር መሆኑን ሕግም ያውቃል፤ በ2003 ዓ.ም. ስለ ወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ የወጣው ስለዚህ ነው።

በዚህ ላይ የሙግት ሥርዓት ራሱ ምስክርን የሚፈትን ሆኖ የተሠራ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 137 የጥያቄን ዓይነት ለይቶ ደንግጓል። ምስክሩን የጠራው ወገን በዋናው ጥያቄ ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ መሪ ጥያቄ ማቅረብ አይችልም፤ ባላጋራው ግን በመስቀለኛ ጥያቄ መልስን የሚመራ ጥያቄ መጠየቅ ይችላል፤ የመስቀለኛ ጥያቄም ዓላማ በምስክሩ ቃል ውስጥ ስሕተት የሆነውን፣ የሚያጠራጥረውን ወይም እውነት ያልሆነውን ለዳኛው ማሳየት ነው። ይህ መልካም ሥርዓት ነው። ነገር ግን ሥርዓቱን የማያውቅ ሰው ጥያቄውን እንደ ስድብ፣ ወይም እንደ ባለ ሥልጣን ትእዛዝ አድርጎ ሊቀበለው ይችላል።

በሠፈራችን የነበሩ አንዲት ሽማግሌ ሴት በድንበር ክርክር ምስክርነት ተቆጥረው ነበር። የድንበሩ ድንጋይ የት እንደ ነበረና መቼ እንደ ተነሣ በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው፤ በኑሯቸውም ሐሰት ሲናገሩ የሰማቸው የለም። የጠራቸው ወገን ጠበቃ ግን የቀጠሮውን ቀን ከመንገር በቀር አንድ ቃል አላነጋገራቸውም። በመስቀለኛው ጥያቄ፣ «ከቤትዎ እስከ ድንበሩ ስንት ሜትር ይሆናል?» ተባሉ። እማማ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሜትር ለክተው አያውቁም፤ ነገር ግን የተከበረ ሰው ጠይቋቸው አላውቅም ማለት ነውር መሰላቸውና «ሃያ» አሉ። ቦታው ሲለካ ከኀምሳ ሜትር የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። ዓመቱንም ሲጠየቁ እንደዚሁ በግምት ተናገሩ፤ ግምታቸውም ሳተ። ከዚህ የተነሣ ቃላቸው የማይታመን ሆኖ ቀረ፤ ድንጋዩን ስላዩበት ስለ ዋናው ነገር የተናገሩትም አብሮ ወደቀ። በኋላ ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ያየሁትን ተናግሬ ውሸታም ሆኜ ወጣሁ» አሉኝ። እኒህ ሴት አላውቅም ማለት እንደሚፈቀድ፣ እንዲያውም ለማያውቁት ነገር እውነተኛው መልስ እርሱ ብቻ እንደ ሆነ የነገራቸው ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ያ ሰው ሐሰት አስተማራቸው ሊባል ይቻላልን? ስለዚህ ምስክርን ጨርሶ አለማዘጋጀት ንጽሕና አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ስንፍና ነው፤ የሚጎዳውም ያልተማረውን፣ ድኻውንና ችሎት ያልለመደውን ሰው ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሁለተኛው ወገን እንመለስ። ምስክርን እንደ ቢላዋ መሳል ይገባል የሚለው አሳብ አደጋው ሐሰትን ማስተማሩ ብቻ አይደለም። ሐሰት የሚያስተምር ጠበቃ ወንጀለኛ ነውና ስለ እርሱ ብዙ መናገር አያስፈልግም። የሚያሳስበው፣ ጠበቃው አንዲት ሐሰት ሳይናገር፣ ምስክሩም አንዲት ሐሰት ለመናገር ሳያስብ፣ በሁለቱ መካከል እውነት ልትለወጥ መቻሏ ነው።

(ከዚህ በታች ስለ ውጭ አገር ስናገር ዘመኑን የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) በ1974 ኤልሳቤጥ ሎፍተስና ጆን ፓልመር የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንት በአሜሪካ አገር የመኪና አደጋ የሚያሳይ ፊልም ለተማሪዎች አሳዩ። ከዚያም ስለ ፍጥነቱ ጠየቋቸው፤ ነገር ግን ጥያቄውን ለሁሉም ባንድ ቃል አላቀረቡትም። ለአንዳንዶቹ «መኪኖቹ ሲነካኩ» አሉ፤ ለሌሎቹ «ሲጋጩ» አሉ፤ ለሌሎቹም «ሲላተሙና ሲደቅቁ» የሚል ስሜት ያለው ቃል ተጠቀሙ። ሲነካኩ የተባሉት በሰዓት 32 ማይል ያህል ገመቱ፤ በከባዱ ቃል የተጠየቁት 41 ማይል ያህል ገመቱ። ፊልሙ አንድ ነው፤ የተለየው ግስ ብቻ ነው። በሌላ ሙከራም ከሳምንት በኋላ የተሰበረ መስታወት አይታችኋልን ተብለው ሲጠየቁ፣ በከባዱ ቃል ከተጠየቁት 50 ተማሪዎች 16ቱ፣ በቀላሉ ቃል ከተጠየቁት 50 ደግሞ 7ቱ አይተናል አሉ። በፊልሙ ውስጥ ግን የተሰበረ መስታወት አልነበረም።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ነገር አስተውለው። እነዚያ ተማሪዎች ጉቦ አልተቀበሉም፤ ዘመድም አልረዱም። የጠያቂው ቃል ወደ ትዝታቸው ገብቶ ከትዝታቸው ጋር ተቀላቀለ፤ እነርሱም የራሳቸው ነው ብለው ሰጡት። የሰው ትዝታ በድንጋይ ላይ እንደ ተቀረጸ ጽሑፍ አይደለም፤ እንደ እርጥብ ጭቃ የነካው ሁሉ አሻራውን ይተውበታል። እንግዲህ ሕግ በችሎት ውስጥ በዋናው ጥያቄ የከለከለውን መሪ ጥያቄ ጠበቃው በዋዜማው በቢሮው ውስጥ ቢጠይቅ፣ በበር የተከለከለውን በመስኮት አስገባ ማለት ነው። እንዲያውም በችሎት ቢጠየቅ ባላጋራው ይቃወመው፣ ዳኛውም ይሰማው ነበር፤ በቢሮ ውስጥ ግን የሚሰማ የለም።

የጠበቃ ማታለያ ሁሉ በጥያቄ ብቻ የሚመጣ አይደለም። በአሜሪካ የሚሺጋን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበረ ሰው ሮበርት ትራቨር በሚል የብዕር ስም በ1958 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ፣ አንድ ጠበቃ በነፍስ ግድያ የተከሰሰውን ደንበኛውን የሆነውን ነገር ከማስነገሩ በፊት በሕግ ፊት ከቅጣት የሚያድኑት ምክንያቶች የትኞቹ እንደ ሆኑ ያስተምረዋል። ሐሰት ተናገር አላለውም። በሮቹን አንድ በአንድ አሳይቶ የትኛው ክፍት እንደ ሆነ አመለከተው እንጂ። ከዚህ የምንማረው ቅደም ተከተል ራሱ ምግባር መሆኑን ነው። ታሪኩን አስቀድሞ ሰምቶ ሕጉን በኋላ የሚያስረዳ ጠበቃ አማካሪ ነው፤ ሕጉን አስቀድሞ ነግሮ ታሪኩን በኋላ የሚጠይቅ ግን ልብስ ሰፊ ነው፤ ጨርቁን ቆርጦ ሰውየውን እንዲገጥመው ያዘዋል።

እስካሁን የተናገርሁት ማስጠናት እውነትን እንደሚለውጥ ነው። እውነት ሳትለወጥ እንኳ በመጠናቷ ምክንያት የማትታመን ልትሆን እንደምትችል ደግሞ ላሳይ። በኒው ዮርክ ከተማ መጋቢት 25 ቀን 1911 ትራያንግል በተባለው የልብስ ፋብሪካ ውስጥ እሳት ተነሥቶ 146 ሰዎች አለቁ፤ የሚበዙት ከአውሮፓ የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። የፋብሪካው ሁለት ባለቤቶች በዘጠነኛው ፎቅ ላይ ያለውን በር ቆልፈው ሠራተኞቹን አስጨርሰዋል ተብለው በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ለፍርድ ቀረቡ። ከእሳቱ ያመለጠች ኬት አልተርማን የምትባል ሠራተኛ ጓደኛዋ በተቆለፈው በር አጠገብ እንዴት እንደ ጠፋች መሰከረች። የባለቤቶቹ ጠበቃ ማክስ ስቶየር መስቀለኛ ጥያቄውን ሲጀምር አልተቆጣትም፤ አላዋረዳትምም። ታሪኩን እንደ ገና ንገሪን አላት። ነገረች። አሁንም እንደ ገና ንገሪን አላት። ነገረች። ቃላቷ ከፊተኞቹ ጋር ተመሳሳይ ሆኑ፤ አንዲት ቃል ስትዘልም ቃሏን አስታወሳትና እርሷው አረመችው። የፍርድ ጉባኤው አባላት በዚህ ጊዜ የሰሙት የተረፈች ልጅ ለቅሶ ሳይሆን የተጠና ትምህርት መሰላቸው። ታኅሣሥ 27 ቀን ከሁለት ሰዓት ባነሰ ምክክር ባለቤቶቹን ነጻ አወጡ። የነጻነቱ ምክንያት እርሷ ብቻ አልነበረችም፤ በሩ በዚያች ሰዓት መቆለፉን ባለቤቶቹ ማወቃቸው ያለ ጥርጥር እንዲረጋገጥ ዳኛው ማዘዙም ነበረበት። ሆኖም ያ መስቀለኛ ጥያቄ እስከ ዛሬ በጠበቆች ዘንድ ይነገራል።

እኔ ብዙ ዘመን በአስተማሪነት ስለ ኖርሁ ይህ ነገር አያስደንቀኝም። ትምህርቱን የገባው ልጅ ከመካከሉም ከመጨረሻውም ቢጠየቅ፣ ቃሉን እየለዋወጠ አሳቡን ሳይለውጥ ይመልሳል። በቃሉ የሸመደደው ግን ከመካከሉ ቢያቋርጡት ካልተመለሰ ወደ ፊት መሄድ አይችልም። ያየ ሰውም እንደዚሁ ነው፤ ያየውን ነገር በጠየቁት ቁጥር ከሌላ ወገን ይነግርሃል። ስለዚህ ቃልን አስጠንቶ ምስክርን ወደ ችሎት የሚልክ ጠበቃ እውነተኛውን ሰው ሐሰተኛ አስመስሎ ላከው ማለት ነው። ማዘጋጀትና ማስጠናት ምን ያህል እንደሚለያዩም ከዚሁ ከትምህርት ቤት ሥራ ይታወቃል። ለፈተና የሚቀርብን ልጅ ጥያቄውን በሚገባ አንብብ፣ ጊዜህን ተጠንቀቅ፣ የማታውቀውን አትፍራ ማለት የአስተማሪ ግዴታ ነው፤ መልሱን መስጠት ግን ስርቆት ነው።

የልዩ ልዩ አገሮች ሕግም ይህንኑ ወሰን ለማበጀት ደክሟል። የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2005 በሰጠው ፍርድ፣ በወንጀል ጉዳይ ምስክርን በቃሉ ላይ ማሠልጠን የተከለከለ መሆኑን፣ የችሎትን ሥርዓት ማስተዋወቅ ግን የተወደደ መሆኑን ለይቶ ተናገረ። የአሜሪካ ልማድ ከዚህ የሰፋ ነው፤ እዚያ ጠበቃ ምስክሩን በብዙ ጥያቄ ቢለማምደው አይነቀፍም። ሆኖም የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በ2023 ባወጣው አስተያየት ሐሰት እንዲናገር መምከርን፣ ከጠበቃው ጋር የተገናኘበትን ጊዜ እንዲያሳንስ መንገርን፣ ቃሉን ሲሰጥም በስውር ምልክት መስጠትን ነቅፏል። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤትም በሉባንጋ ጉዳይ በ2007 ጠበቆች ምስክሮችን በቃላቸው ላይ እንዳያዘጋጁ ከለከለ፤ በጥር 2013 ግን በኬንያ ጉዳዮች የተሰየመው ችሎት፣ ንግግሩ በምስል እንዲቀረጽ አድርጎ ፈቀደ።

ይህ የመጨረሻው ውሳኔ ለኅሊና ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ጠበቃ ሆይ፣ ቢሮህ ውስጥ የሚቀርጽ መሣሪያ ባይኖርም እንዳለ ቁጠረው። ለምስክሩ የምትነግረውን ዳኛውና ባላጋራህ ከመጋረጃ ጀርባ ቢሰሙህ የምታፍርበት ከሆነ፣ ያ ንግግር ማዘጋጀት አይደለም። የማታፍርበት ከሆነ ግን ያለ ፍርሃት ተናገር።

ይሁን እንጂ አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ፤ እርሱን ሳላነሣ ባልፍ አንባቢን ማታለል ይሆናል። ጠበቃ የምስክሩን ቃል ጨርሶ ላይነካ ይችላልን? አንድ ምስክር «ገደለው» ይላል። ምን አየህ ሲባል፣ ሲገፋውና ሰውየው ሲወድቅ ብቻ ማየቱ ይገለጣል። ጠበቃው፣ «እንግዲያው ያየኸውን ብቻ ተናገር፤ ገደለው የሚለውን ለዳኛው ተው» ቢለው ቃሉን ለወጠው፤ ነገር ግን ወደ እውነት አቀረበው። ሌላው ምስክር ደግሞ «እርሱ መሰለኝ» ይላል። ጠበቃው፣ «መሰለኝ ስትል ቃልህ ይላላል፤ እርሱ ነው በል» ቢለው ያስጣለው አንዲት ቃል ብቻ ነው። ነገር ግን ያች አንዲት ቃል የምስክርነቱ ልብ ናት። ጥርጣሬ የምስክር ድካም አይደለም፤ ያየው ነገር አካል ነው። ሰውየው ያየው በጭላንጭል ከሆነ ጭላንጭሉንም አብሮ ማቅረብ አለበት። በ«መሰለኝ» እና በ«ነው» መካከል የአንድ ሰው የእስራት ዘመን ሊተኛ ይችላል። እንግዲህ መለኪያው ቃሉ ተነካ ወይስ አልተነካም አይደለም፤ ከተነካ በኋላ ቃሉ ምስክሩ ካየው ነገር ጋር ቀረበ ወይስ ራቀ ነው። ያንንም ካየው ሰው በቀር የሚያውቅ የለምና፣ ጠበቃው ከመናገር ይልቅ ማዳመጥን ያብዛ።

ያደግሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት መጽሐፍ ቅዱስ የሶስናን ታሪክ አልያዘም ነበር፤ በኋላ በ81ዱ መጻሕፍት ውስጥ ሳነበው ስለ ምስክር ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት በጥንት ዘመን መኖሩን ተጠራጠርሁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ቃላቸውን አስማምተው ንጹሕቱን ሴት ለሞት አሳልፈው ሰጧት። ዳንኤል ግን ለያይቶ ከየትኛው ዛፍ በታች እንዳዩአት ጠየቃቸው፤ አንዱ አንድ ዛፍ፣ ሁለተኛው ሌላ ዛፍ ጠራ። ከዚህ የተነሣ ምስክሮችን ባንድ ላይ ሰብስቦ ማነጋገር፣ ያንዱንም ቃል ለሌላው ማንበብ ምን ያህል ክፉ ልማድ እንደ ሆነ እንረዳለን፤ እውነተኞቹ እንኳ ሳያውቁ ይስማማሉና።

አሁን ጠበቃ ለምስክሩ በቅንነት ሊነግረው የሚገባውን ባጭሩ ልዘርዝር። አንደኛ፣ መሐላ ምን እንደ ሆነ ያስረዳው፤ ዕዳው ለጠራው ወገን ሳይሆን ለእውነት መሆኑን ይንገረው። ሁለተኛ፣ ዳኛው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን አስቀድሞ እንደሚጠይቅ፣ የመስቀለኛ ጥያቄም ጠብ ሳይሆን ሥርዓት መሆኑን ያሳየው። ሦስተኛ፣ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ሰምቶ የተጠየቀውን ብቻ እንዲመልስ ይምከረው፤ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ምስክር ራሱን ያጠምዳልና። አራተኛ፣ አላውቅም፣ አላስታውስም፣ ጥያቄው አልገባኝም የሚሉት ሦስቱ መልሶች የተፈቀዱ መሆናቸውን ይንገረው፤ ነገር ግን እያስታወሰ አላስታውስም ማለት እንደ ማንኛውም ሐሰት ሐሰት መሆኑን አይሸሽገው። አምስተኛ፣ ምስክሩ ራሱ የጻፈውና የፈረመው ወረቀት ካለ ይመልከተው፤ የሌላውን ምስክር ቃል ግን አያሳየው። ስድስተኛ፣ ከጠበቃው ጋር ተነጋግረሃልን ተብሎ ቢጠየቅ አዎን ይበል፤ የሚያሳፍር ነገር ካልተሠራ የሚሸሸግ ነገር የለም።

አንድ ጠበቃ እንዲህ ብሎ ይከራከረኝ ይሆናል፤ «ባላጋራዬ ምስክሮቹን እያስጠና እኔ ብቻ ብከለከል ንጹሕ ደንበኛዬ ይረታል፤ ይህስ ፍርድ ነውን?» ነገሩ ቀላል አይደለም፤ የንጹሕ ሰው መታሰር ትልቅ ጥፋት ነውና። ነገር ግን ሁለቱም ወገን ምስክር የሚያስጠና ከሆነ ዳኛው የሚሰማው ሁለት ጠበቆችን ነው እንጂ አንድም ያየ ሰው አይሰማም፤ ያን ጊዜ የሚረታው የተሻለ የሚያስጠናው፣ ማለትም ብዙ ገንዘብ ያለው ነው። ንጹሕና ድኻ የሆነው ሰው ያለው አንድ ሀብት እውነት ብቻ ስለሆነ፣ የእውነትን ገበያ የሚያበላሽ ሰው አስቀድሞ የሚያከስረው ያንኑ ሊረዳው የፈለገውን ነው። ለባላጋራው ጥናት መድኃኒቱ ጥናት ሳይሆን በደንብ የታሰበ መስቀለኛ ጥያቄ ነው፤ የሸመደደውን ከመካከሉ ማቋረጥ ይቻላልና።

እንግዲህ ምስክርን ማዘጋጀትና ምስክርነትን ማዘጋጀት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የፊተኛው ሰውየውን ከፍርሃትና ካለማወቅ ነጻ አውጥቶ ያየውን እንዲናገር ያደርገዋል፤ የኋለኛው ያየውን ነጥቆ የሚፈለገውን ያሸክመዋል። ፍርድ ቤት የምትጠሩ ሰዎችም ይህን ዕወቁ፤ ምክርን ስሙ፣ ፍርሃታችሁን አስወግዱ፣ ጠበቃውንም አክብሩ። ነገር ግን ያያችሁት ነገር የእናንተ ብቻ አይደለም፤ የተገፋው ሰው አደራ ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ሳይጨምርና ሳያጎድል ይመልሳል።